ጥርስ ሲታመም የሚያልቅ ኢንሹራንስ

ግልጽ ደብዳቤ

ለዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ የኢንሹራንስ፣ የሴኩሪቲስና የባንክ መምሪያ
ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ የጥርስ ኢንሹራንስ የሚሸጡ ኩባንያዎች ለሩት ካናልና ለክራውን ስንት እንደሚከፍሉ ከሽያጩ በፊት በአንድ ገጽ፣ በአማርኛም ጭምር እንዲያሳዩ ስለመጠየቅ

ክቡር ኮሚሽነር፣ ክቡራን የመምሪያው ባልደረቦች፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት እንግሊዝኛ ቸግሮኝ አይደለም። በክሊኒኮችና በሆስፒታሎች በአስተርጓሚነት ስለምሠራ እንጀራዬ በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ የጻፍኩት የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ስላለ ነው። በ2004 የወጣው ይህ ሕግ (በደብዳቤው ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው ቁጥር፣ የሚናገረው ቋንቋ ካለ ዋና ዋና ሰነዶቹን በዚያ ቋንቋ ያዘጋጅ ይላል። አማርኛም ከስፓኒሽና ከቻይንኛ ጋር ከዝርዝሩ ውስጥ አለ። ለሕዝብም ግልጽ ያደረግሁት በየወሩ ከደሞዙ የሚቆረጥበት ወገኔ ከናንተ እኩል ሊያነበው ስለሚገባ ነው።

ጉዳዩ ጥርስ ነው። ከቤት ኪራይና ከኢሚግሬሽን ጣጣ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል፤ ግን አይደለም። በየካቲት 2007 ከዚህ ከተማ አጠገብ፣ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ ዲያሞንቴ ድራይቨር የተባለ የ12 ዓመት ልጅ ከታመመ ጥርሱ የተነሣው ኢንፌክሽን አንጎሉ ደርሶ ሞተ። ጥርሱን ለማስነቀል 80 ዶላር ገደማ ይበቃ ነበር። ሕይወቱን ለማትረፍ የተደረገው ቀዶ ሕክምናና የሆስፒታል ቆይታ ሩብ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጀ። በ2009 ኮንግረስ ለልጆች የጤና መድን ፕሮግራም ጥርስን የግድ እንዲሸፍን ደነገገ። የኦባማ የጤና ሕግም የልጆችን ጥርስ ከአስፈላጊ ሕክምናዎች ቆጠረው። አዋቂው ግን እንደ ወጣ ቀረ። በዋናነት የአረጋውያን መድን የሆነው ሜዲኬር ደግሞ ገና በ1965 ሲቋቋም ጀምሮ አብዛኛውን የጥርስ ሕክምና በሕግ ከሽፋኑ አስወጥቶታል። ስለዚህ አብዛኛው አዋቂ መንጋጋው ሲታመም የሚተማመነው ቀጣሪው በሚያቀርብለት ወይም ራሱ በሚገዛው የጥርስ ኢንሹራንስ ነው።

ነገሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ይሻላል። የማሳያችሁ ወረቀት የአንዲት እናት ነው። መሀል ከተማ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ናቸው። ስማቸውን ሳልጠቅስ፣ እትዬ ብዬ ብቻ፣ ጉዳያቸውን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። የታችኛው ግራ መንጋጋቸው፣ የፊተኛው ትልቁ፣ ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዛቸው ነበር። ሐኪሙ ቀዝቃዛ ነው ትኩስ የሚያምዎት ብሎ ጠየቃቸው። «ሻይ ስጠጣ ነው፤ ከጠጣሁ በኋላም አይለቀኝም» አሉ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ሙቀት የሚቀሰቅሰውና ቶሎ የማይበርድ ሕመም ነርቩ እየሞተ ለመሆኑ ምልክት ነው። እንዲህ ሲሆን ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ የሞተውን ነርቭ ከነሥሩ ጠርጎ፣ ቀጫጭኑን ቦይ አጽድቶና ሞልቶ ጥርሱን ማትረፍ (ሩት ካናል የሚባለው ይህ ነው)፣ ወይም መንቀል። መንጋጋ ሦስት አራት ቦይ ስላለው ከፊት ጥርስ ይልቅ ሥራው ይረዝማል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ሩት ካናል የተሠራለት መንጋጋ በሽፋን ካልተያዘ በላዩ ሲበሉበት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከኋላው ክራውን ይመጣል። ሰው ስለ ሩት ካናል ዋጋ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ ይህን ሁለተኛውን ወጪ ይረሳዋል።

ሪሴፕሽኗ አንድ ገጽ አትማ ፊታችን ዘረጋችው። ሦስት መስመር አለው። ዲ3330፣ የመንጋጋ ሩት ካናል፣ 1,100 ዶላር። ዲ2950፣ ክራውኑ የሚቀመጥበት ሙሌት፣ 250። ዲ2740፣ የሴራሚክ ክራውን፣ 1,000። ድምሩ 2,350። ይህም ሐኪሙ ከኢንሹራንስ ኩባንያው ጋር የተዋዋለበት የኔትወርክ ዋጋ ነው፤ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ለዚሁ ሥራ ከ3,000 በላይ ሊጠየቅ ይችላል። ቀጥሎ «ኢንሹራንስ፣ ግምት» የሚል ዓምድ አለ። ከሩት ካናሉ አንጻር 840 ይላል፤ ከሙሌቱ አንጻር 125፤ ከክራውኑ አንጻር 35።

እትዬ ጣታቸውን 35ቱ ላይ አደረጉ። «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ለክራውን ግማሹን ይከፍላል አልተባልኩም እንዴ?»

ሪሴፕሽኗ ክፉ ልጅ አይደለችም። ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ለሩት ካናሉ 50 ዶላር ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በሽተኛው የሚከፍለው) ተቀንሶ 80 በመቶ፣ እሱ 840 ሆነ። ለሙሌቱ ግማሹን፣ 125። ኢንሹራንሱ በዓመት ከ1,000 ዶላር በላይ ስለማይከፍል የቀረው 35 ነው። ከእርስዎ የሚጠበቀው 1,350 ዶላር ነው፤ ግማሹ ዛሬ።

«በየወሩ 36 ዶላር ከደሞዜ ይቆረጣል፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን አልነካሁትም» አሉ። ይህን ስተረጉም ሪሴፕሽኗ ትከሻዋን ሰበቀች። ከዚያ ሁላችንም የምንጠብቀው ጥያቄ መጣ፦ «መንቀሉስ?» ልጅቷ ኮምፒውተሯን እንኳ ሳታይ ነው የመለሰችው። ከመቶ ዶላር በታች።

በአስተርጓሚነት ሥርዓት ከአፌ የሚወጣው የተባለው ብቻ ነው፤ ምክር መስጠት፣ «ቆይ እስቲ፣ እንዲህ ቢያደርጉስ» ማለት ክልክል ነው። ሥርዓቱ ትክክል ነው፤ አስተርጓሚ ሁሉ ሐኪምና ጠበቃ ልሁን ካለ ሰው ይጎዳል። እናም የተባለውን ብቻ ተረጎምኩ፤ ሊድን ይችል የነበረው ጥርስ በዚያው ቀን ተነቀለ። በዚያ ክፍል ውስጥ መናገር ያልተፈቀደልኝን ነው አሁን ለእናንተ የምናገረው።

ሒሳቡን ልብ በሉልኝ። የእትዬ ኩባንያ ሩት ካናልን «መሠረታዊ» በሚለው መደብ አስገብቶ 80 በመቶ ይከፍላል። ሌላው ኩባንያ «ከባድ» በሚለው መደብ አስገብቶ 50 በመቶ ብቻ ይከፍላል። ገዢው ሁለቱን ብሮሹር አስተያይቶ 80 የሚለውን ይመርጣል፣ የተሻለውን የያዘ ይመስለዋል። እስቲ በዚህ ወረቀት ላይ 80ውን ወደ 50 ቀይሩት። ለሩት ካናሉ 525፣ ለሙሌቱ 125፣ ለክራውኑ 500፣ በድምሩ 1,150 ይሆናል፤ ጣሪያው ደግሞ 1,000 ላይ ይቆርጠዋል። ያው ሺህ ዶላር ነው! ብሮሹሩ ላይ በትልቁ የተጻፈው መቶኛ አንድ ሳንቲም አልለወጠም። የወሰነው በትንሹ የተጻፈው ጣሪያ ነው።

እንግዲህ ኢንሹራንሱ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? ይጠቅማል፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ጥርሱ ቢሠራ ኖሮ ሺህ ዶላር ይከፍል ነበር፣ የኔትወርኩም ቅናሽ ቀላል አይደለም። ከሺው ላይ በዓመት የተቆረጠውን 432 ስታነሱ የሚቀረው እርዳታ 568 ዶላር ነው። ጥርሱ ጤነኛ ለሆነና በዓመት ሁለቴ ለሚያስጠርግ ሰው ደግሞ የሚከፍለውና የሚያገኘው ይቀራረባል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ሰዉ ኢንሹራንሱን የሚገዛው ለጽዳት ብሎ ሳይሆን እንዲህ ያለውን ቀን ፈርቶ ነው፤ ኢንሹራንሱ ግን የሚያልቀው በዚያው ቀን ነው።

ከጤና ኢንሹራንስ ጋር አስተያዩት። በኦባማው ሕግ ምክንያት የጤና ኢንሹራንስ በዋና ዋና ሕክምናዎች ላይ በዓመት ከዚህ በላይ አልከፍልም ማለት አይችልም። ጣሪያ የተበጀለት በሽተኛው ከኪሱ ለሚያወጣው ነው፤ ያንን ከሞላ በኋላ ኔትወርክ ውስጥ ላለው ሕክምና ኩባንያው ይሸከማል። በጥርስ ኢንሹራንስ ነገሩ ተገልብጧል። ጣሪያው የኩባንያው ነው፤ የበሽተኛው ወጪ ማለቂያ የለውም። ሁለቱም ካርድ አላቸው፣ ሁለቱም ከደሞዝ ይቆረጣሉ፣ ሁለቱም በአንድ ቅጽ ላይ በአንድ ቀን ይፈረማሉ። አዲስ ሠራተኛ ልዩነታቸውን ከየት ይወቀው?

ለኛ ሰው ይህን ሳስረዳ በእድር ነው የማስረዳው። በየወሩ የሚሰበስብ፣ አባል ጉንፋን ሲይዘው ብርቱካን ይዞ የሚጠይቅ፣ ለቅሶ ሲደርስ ግን ድንኳኑን እስከ ግማሽ ተክሎ «የዓመቱ ሸራ አለቀ» የሚል እድር ቢኖረን ዳኛውን በመጀመሪያው ስብሰባ እናወርደው ነበር።

ይህ ጣሪያ ከሰማይ አልወረደም፤ ታሪክ አለው። በ1954 የምዕራብ ጠረፍ የወደብ ሠራተኞች ማኅበር ለአባላቱ ልጆች የጥርስ ሕክምና በቅድሚያ የሚከፈልበት ዘዴ እንዲዘጋጅ የዋሽንግተን ስቴትን፣ የኦሪገንንና የካሊፎርኒያን የጥርስ ሐኪሞች ማኅበራት ጠየቀ። የዛሬው የጥርስ ኢንሹራንስ ከዚያ አድጎ የወጣ ነው። ሐሳቡ ሕዝቡ ቀድሞ እንዲታይ፣ እንዲጸዳ፣ እንዲሞላ ማበረታታት ነበር። በ1970ዎቹ የተለመደው የዓመት ጣሪያ 1,000 ዶላር ሲሆን ለዚያን ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ የ1975ቱ ሺህ ዶላር በዛሬ ዋጋ ከአምስት ሺህ ይበልጣል። ዛሬም አብዛኛው ውል ላይ የሚገኘው ከ1,000 እስከ 2,000 ነው። ቤት ኪራይ፣ የእንቁላል ዋጋ፣ የሐኪሙ ክፍያ፣ ወርሃዊ መዋጮው ሁሉ ወደ ላይ ሄደዋል። ጣሪያው ብቻ ከነሱ ጋር አልሄደም።

ከጣሪያው ሥር ደግሞ ሌሎች ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የመቆያ ጊዜ ነው፦ ሰው በግሉ ሲገዛ ለከባድ ሥራ ስድስት ወር ወይም ዓመት ጠብቅ ይባላል። በዚህ ላይ ኩባንያዎቹን አልወቅስም። ጥርሱ ካበጠ በኋላ ገዝቶ፣ አሠርቶ፣ በወሩ የሚሰርዝ ሰው ከበዛ ለሁሉም አይበቃም። በቀጣሪ በኩል ሲሆን ብዙ ጊዜ ይቀራል። ሌላው የጠፋ ጥርስ አንቀጽ የሚባለው ነው። ውሉን ከመግዛትህ በፊት ለተነቀለ ጥርስ ምትክ አንከፍልም ይላል። እትዬ ሥራ ቢቀይሩና አዲስ ኢንሹራንስ ቢይዙ ያ ባዶ ቦታ ይህ አንቀጽ ባለው ውል አይሸፈንላቸውም፤ በኢንሹራንሱ ጣሪያ ምክንያት የተነቀለውን ጥርስ ኢንሹራንስ አይተካውም። ሌላም አለ። ሐኪሙ ነጭ ሴራሚክ ሲሠራ ኩባንያው የብረቱን ዋጋ አስቦ ይከፍላል፣ ልዩነቱ የበሽተኛው ነው። ጽዳቱና ራጁም በብዙ ውሎች ከዚያችው ጣሪያ ላይ ይቀነሳሉ። ሁሉም ሕጋዊ ነው፣ ሁሉም ተጽፏል። የተጻፈው ግን ማንም በማይደርስበት ገጽ ላይ ነው።

አንድ የሚያዋጣ መንገድ አለ፣ ለወገኖቼ እዚህ ላይ ላንሣው። የዓመቱ ጣሪያ በብዙ ውሎች ጃንዋሪ 1 ይታደሳል። ሩት ካናሉ በዲሴምበር ተሠርቶ፣ ሙሌቱና ክራውኑ በጃንዋሪ ቢሠሩ ሁለት ጣሪያ ይገኛል። በእትዬ ወረቀት ላይ ይህ ቢሆን ኢንሹራንሱ በመጀመሪያው ዓመት 840፣ በሁለተኛው ዲዳክቲብሉ ተቀንሶ 600፣ በጠቅላላ 1,440 ዶላር ይከፍል ነበር። ሁለት ነገር ግን ጠይቁ። አንደኛ ሐኪሙን፦ ጥርሱ በጊዜያዊ መሙያ ስንት ሳምንት መቆየት ይችላል? ብዙ ወር የቆየ ሰው ወይ ጀርም ተመልሶ ይገባበታል፣ ወይ ጥርሱ ይሰነጠቅበታል። ሁለተኛ ኩባንያውን፦ ክራውኑን የምትቆጥሩት ጥርሱ በተሞረደበት ቀን ነው ወይስ ክራውኑ በተጣበቀበት? ብዙዎቹ በተጣበቀበት ነው የሚቆጥሩት። ደግሞም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙ ለኩባንያው ቅድመ ግምት እንዲልክ ጠይቁ፤ መልሱ በጽሑፍ ይመጣል። ዋስትና አይደለም፣ ነገር ግን ወንበር ላይ ከተቀመጡ በኋላ ከመደንገጥ ያድናል።

ገንዘብ ሲያጥር ክሊኒኩ የሚዘረጋው ሌላ ወረቀት የክሬዲት ካርድ ማመልከቻ ነው። «ለ12 ወር ወለድ የለውም» ይላል። ያልተነገረው፣ ወይም በፍጥነት ተነግሮ ያለፈው፣ በ12ኛው ወር መጨረሻ 20 ዶላር እንኳ ብትቀር ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሙሉ ዕዳው ላይ እንደሚታሰብ ነው። ይህ የኔ ጥርጣሬ አይደለም። በዲሴምበር 2013 የፌዴራሉ የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮ ኬር ክሬዲት የተባለው ካርድ በክሊኒኮች ውስጥ ሲሰጥ ደንበኞች ስለ ወለዱ በሚገባ አልተነገራቸውም ብሎ እስከ 34.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲመለስላቸው አዘዘ። የኛ ሰው ዕዳ ይፈራል፤ ሪሴፕሽን ላይ ሐኪም ሲጠብቀው ግን እንቢ ማለት ያፍርና ይፈርማል።

ሌላው የኛ ሰው መላ አዲስ አበባ ነው። «ለፋሲካ ስሄድ አሠራዋለሁ» የማይል የለም፤ ከዚህ ወጪ ጋር ሲተያይ ቲኬቱን ጭምር የሚያካክስ ይመስላል። አዲስ አበባ ጎበዝ የጥርስ ሐኪሞች አሉ፣ እሱን አልጠራጠርም። ችግሩ ፋሲካ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሰው የሚሻገረው በአሞክሳሲሊን ነው፤ አንዱ ከአገር ቤት ያመጣውን ለሌላው ያካፍላል። እብጠቱ ይቀንሳል፣ ሕመሙም ይተኛል፣ የሞተው ነርቭ ግን እዚያው ጥርሱ ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱ በደም ስለሚሄድ ደም የማይደርሰው ቦይ ውስጥ አይገባም። በሁለት ሳምንት የዕረፍት ጊዜ ውስጥ ከዘመድ ጥየቃና ከሠርግ ጋር ተሻምቶ የተሠራ ሩት ካናል ደግሞ ሰውየው እዚህ ከተመለሰ በኋላ ሲያመረቅዝ፣ ራጁን የያዘ፣ ምን እንደተሠራ የሚያውቅ ሐኪም የለም። ፊት ያበጠበት፣ ያተኮሰው፣ መዋጥ ወይም አፉን መክፈት ያቃተው ሰው ግን ፋሲካንም ሰኞንም አይጠብቅ፤ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

እዚሁ አካባቢ ያሉ መውጫዎች ከብዙ ሰው ጆሮ አልደረሱም። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት መድን) ያለው አዋቂ በዲሲ የጥርስ ሽፋን አለው፤ ቨርጂኒያ ከጁላይ 2021፣ ሜሪላንድ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ለአዋቂዎች ሰጥተዋል። አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቼ «ሜዲኬይድ ለጥርስ አይሠራም» የሚለውን የድሮ ወሬ ይዘው ተቀምጠዋል። ሜዲኬይድ ለሌለው ደግሞ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ከ1881 ጀምሮ እዚሁ ከተማ ነው። ባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት በ1840 የተመሠረተ፣ በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ነው። በሁለቱም ተማሪዎች በመምህራን ቁጥጥር ሥር ይሠራሉ። ቀጠሮው ይረዝማል፣ ወንበሩ ላይ መቀመጡም ያሰለቻል፣ ዋጋው ግን ከግል ክሊኒክ ይቀንሳል። በፌዴራል ድጎማ የሚሠሩ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችም በገቢ መጠን ያስከፍላሉ፤ ሁሉም ሩት ካናል አይሠሩም፣ ስለዚህ አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። የምጠይቀው ትንሽ ነው፣ አብዛኛውም ለሌላው ኢንሹራንስ የተለመደ ነው። የጤና ኢንሹራንስ የሚሸጥ ኩባንያ በፌዴራል ሕግ ለገዢው አጭር ማጠቃለያ መስጠት አለበት፤ በማጠቃለያው ውስጥ ሦስት ምሳሌዎች በሒሳብ ይቀመጣሉ፦ አንዲት እናት ስትወልድ፣ አንድ ሰው ስኳሩን ሲከታተል፣ አንድ ሰው አጥንቱ ሲሰበር ኢንሹራንሱ ስንት እንደሚከፍልና ከኪስ ስንት እንደሚወጣ። ለብቻው የሚሸጥ የጥርስ ኢንሹራንስ ከዚህ ግዴታ ነጻ ነው። ለጥርስም አንድ ምሳሌ ብቻ ይኑር፦ የመንጋጋ ሩት ካናል ከነክራውኑ። ዋጋው ይህ ነው፣ እኛ የምንከፍለው ይህን ነው፣ ያንተ ይህ ነው፣ የዓመት መዋጮህ ይህ ነው። በዚያው ገጽ ላይ የመቆያው ጊዜና የጠፋ ጥርስ አንቀጹ ከጣሪያው ጋር በእኩል ፊደል ይጻፉ። እትዬ ያችን 35 ዶላር ክሊኒክ ውስጥ ጥርሳቸው እየጠዘጠዛቸው ሳይሆን ቅጹን ሲፈርሙ ቢያዩዋት ኖሮ፣ ምናልባት 36ቱን ዶላር በየወሩ ለብቻ ያስቀምጡት ነበር፤ ምናልባትም ጣሪያው ከፍ ያለውን ይመርጡ ነበር። ምርጫው የእሳቸው በሆነ ነበር።

የቋንቋ ሕጉ የሚያስገድደው የከተማውን መሥሪያ ቤቶች እንጂ የግል ኩባንያዎችን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ኩባንያዎቹን በአማርኛ ጻፉ አልልም። የገጹን ሞዴል እናንተ አዘጋጁት፣ በአማርኛ አስተርጉሙት፣ ኩባንያው ቁጥሩን ብቻ ይሙላበት። የቅሬታ ማቅረቢያ ቅጻችሁም ከዚያው ገጽ ግርጌ ይጠቀስ፤ ብዙ ሰው የኢንሹራንስ ኩባንያ የሚከሰስበት መሥሪያ ቤት መኖሩን አያውቅም። ሥልጣናችሁ የማይደርስበት እንዳለም ልብ ብያለሁ። ብዙ ትልልቅ ቀጣሪዎች የሕክምናውን ወጪ በቀጥታ ከራሳቸው ካዝና ስለሚከፍሉ ተቆጣጣሪያቸው የፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ነው። ሠራተኛው የእሱ ኢንሹራንስ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ያም በገጹ ላይ በአንድ መስመር ይጻፍ፦ «ቅሬታ ካለዎት ተቆጣጣሪው እገሌ ነው»።

ሌላ የማነሣው የማሳቹሴትስን ጉዳይ ነው። በኖቬምበር 2022 የዚያ ስቴት ሕዝብ በቀጥታ ድምፅ፣ ከ70 በመቶ በላይ ሆኖ፣ የጥርስ ኢንሹራንስ ከሚሰበስበው መዋጮ ቢያንስ 83 በመቶውን ለሕክምና እንዲያውል፣ ካላዋለ ለደንበኛው እንዲመልስ ወሰነ። የጤና ኢንሹራንስ በመላ አገሪቱ 80 ወይም 85 በመቶ የማዋል ግዴታ አለበት፤ ለብቻው የሚሸጠውን የጥርስ ኢንሹራንስ ግን ያ የፌዴራል ሕግ አይነካውም። ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤቱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ነገር ግን በዲሲ የሚሸጥ እያንዳንዱ የጥርስ ኢንሹራንስ ከመቶ ዶላር ስንቱን ለጥርስ እንዳዋለ ጠይቃችሁ ለምክር ቤቱም ለሕዝቡም ማውጣት ለእናንተ ሩቅ አይመስለኝም።

ኩባንያዎቹ «ጣሪያው ከፍ ካለ መዋጮው ይጨምራል» እንደሚሉ አውቃለሁ። እውነታቸውን ነው፣ ይጨምራል። ምን ያህል እንደሚጨምር አውጥተው ያሳዩንና ገዢው ይምረጥ። ጥፋቱንም ሁሉ በኢንሹራንስ ላይ አላራግፍም፤ የሐኪሙ ዋጋም ውድ ነው፣ ከጀርባው ያለው የትምህርት ዕዳና የመሀል ከተማ ኪራይም እንደዚያው። እሱ የሌላ ደብዳቤ ጉዳይ ነው።

የቀጣዩ ዓመት የኢንሹራንስ ምዝገባ በአብዛኛው መሥሪያ ቤት በመጸው ይከፈታል። የአንዱን ገጽ ሞዴል ከዚያ በፊት ብታደርሱልን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የታክሲና የኡበር ሾፌሮች የሚሰበሰቡበት ቦታ ሁሉ ይዘን እንዞራለን። ለትርጉም ሥራው ሰው ካጣችሁ እኔ ያለ ክፍያ እሠራዋለሁ። መልሳችሁን በአማርኛ እጠብቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
በዋሽንግተን ዲሲ የሕክምና አስተርጓሚ

ግልባጭ፦
ለዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ምክር ቤት
ለሠራተኞቻቸው የጥርስ ኢንሹራንስ ለሚያቀርቡ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቀጣሪዎች
ለእትዬ